ተረት አገር ሲለውጥ

ማታ ከእሳት ዳር የተቀመጠ ሰው «ተረት ተረት» ብሎ ሲጀምር ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበሉታል፤ ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላቸዋል። ይህ የመጨረሻው ቃል በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ጨዋታ ብቻ ይቈጠራል፤ ዳሩ ግን በጥሞና ለተመለከተው ሰው ትልቅ ነገር አለበት። ተረት ነጋሪው ያወራውን ነገር እንደ ሰጠ ሰው ሳይሆን እንዳበደረ ሰው ሆኖ ይጠይቃል። ልጁም በተራው ሌላ ተረት በመንገር ዕዳውን ይከፍላል።

ዕዳ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ገበሬ የጎረቤቱን በሬ ለእርሻ ቢወስድ የሚመልሰው ያንኑ በሬ ነው፤ ቀንዱ ቢሰበር ወይም እግሩ ቢያነክስ ይጠየቅበታል። ይህ ውሰት ይባላል። አንድ ቁና ገብስ ቢወስድ ግን ያንኑ ገብስ ካልመለስህ ብሎ የሚይዘው ሰው የለም፤ የወሰደውን ዘርቶት ወይም በልቶት፣ በመኸር ጊዜ ከራሱ ማሳ በዚያው ቁና ሰፍሮ ይከፍላል። ይህ ደግሞ ብድር ነው። እንግዲህ ከሩቅ አገር የመጣ ተረት ውሰት ነውን? ወይስ ብድር ነው? ተቀባዩ ሰዎቹን፣ አራዊቱን፣ ተራራውንና ልብሱን ለውጦ የራሱን አገር አስመስሎ ቢናገረው አደራ በላ ይባላልን? ወይስ ዕዳውን በሚገባ ከፍሏል?

ነገሩ ሥራ የፈታ ሰው ጥያቄ እንዳይመስል በአንድ ምሳሌ መመልከት ይሻላል። በንፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ወይም በወገዳ አንድ አስተማሪ ሕፃናቱን ሰብስቦ ቀይ ቆብ ስለ ደፋችው ልጅ የሚናገረውን የፈረንጅ ተረት ያነብላቸዋል እንበል። ይህን ተረት ሻርል ፔሮ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1697 አሳተመው፤ ኋላም ወንድማማቾቹ የጀርመን ሊቃውንት ያዕቆብና ዊልሄልም ግሪም በ1812 እንደ ገና ጽፈው አወጡት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) ልጅቱ ለታመመች አያቷ ስንቅ ይዛ በዱር ውስጥ ስታልፍ ተኩላ ያገኛታል፤ በለዘበ አንደበት አነጋግሮም የምትሄድበትን ቤት ያውቃል፤ ቀድሞ ደርሶ አያቲቱን ይበላና በአልጋዋ ተኝቶ ይጠብቃታል። አስተማሪው እዚህ ላይ ሲደርስ ከልጆቹ አንዱ እጁን አንሥቶ «የኔታ፣ ተኩላ ምንድን ነው?» ይላል።

አስተማሪው ምን ይመልስ? በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ለፈረንጅ ተኩላ የሥጋ ዘመዱ ነው ይባላል፤ ነገር ግን አይጥ አድኖ የሚያድር፣ ለሰው ቀርቶ ለበግም ብዙ የማያስፈራ እንስሳ ነው። የፈረንሳይ ሕፃን ተኩላ የሚለውን ቃል ሲሰማ ያድርበት የነበረውን ፍርሃት የጋይንት ሕፃን የሚያውቀው ከሌላ አውሬ ነው፤ እርሱም ሌሊት ከአጥር ውጭ የሚጮኸው ጅብ ነው። ስለዚህ አስተማሪው ብዙ ሳያስብ «ጅብ በሉት» ይላል። ወዲያውም ቀዩ ቆብ ቀይ ሻሽ ይሆናል፤ ስንቁ አገልግልና የእርጎ ቅል ይሆናል፤ ዱሩም ከጉና በታች ያለው ጥሻ ይሆናል። ተረቱ አገሩን ለወጠ።

ጋይንት ይህን ነገር ለመመርመር የተመቸ ምድር ነው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም ከዚያው ናት፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አባም ከዚያው ናት። ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ በየደጁ እየለመነና ከውሻ ጋራ እየታገለ (የተማሪና የውሻ ጠብ ራሱን የቻለ ተረት ይወጣዋል፤ ለጊዜው ይቆይ) ብዙ ዓመት ይቀመጣል። በመምህሩ ፊት ሲያዜም አንዲት ድፋት ብትዘነጋው ወይም ጭረቱ በይዘት ቢለወጥበት መምህሩ ያርመዋል እንጂ «በአንተ አገር እንዲህ ከሆነ እንዲሁ ይሁንልህ» አይለውም። ሸዌውም ትግሬውም ጎጃሜውም የተቀበለውን ያንኑ ይመልሳል። በእውነቱ ድጓ ውሰት ነው።

ነገር ግን ያው ተማሪ ማታ በጎጆው ውስጥ ቆሎውን እየቈረጠመ ለጓደኞቹ ተረት ሲያወራ ሌላ ሰው ይሆናል። በአገሩ የሰማው ጦጣ ዓባይን ተሻግሮ ያመለጠ ቢሆን፣ እዚህ በሽሎን ቢያሻግረው የሚቈጣው የለም። ጓደኛውም «የኛ አገር ጦጣስ እንዲህ ነው ያደረገ» ብሎ ሌላ ጨምሮ ይመልስለታል። በአንድ አፍ ሁለት ሕግ ይኖራል፤ ተማሪውም ሁለቱን ሲያቀላቅል አይታይም። ቀን አንዲት ምልክት ሳያጓድል የሚጠብቅ ሰው ማታ ወንዝና ተራራ ሲለውጥ ኅሊናው አይወቅሰውም። ከዚህ የተነሣ ተረት ብድር ነው ማለት ይቻላል።

የብድር ሕግ ግን ልቅ አይደለም። ገብሱ ሌላ ቢሆን ቁናው ያው መሆን አለበት። የተረት ቁና ምንድን ነው?

ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በኢትዮጵያ የሰበሰቧቸውን ተረቶች በ1950 በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ለመጽሐፉ ስም የሆነው ተረት በተራራ ላይ ስለ ነደደ እሳት የሚናገር ነው። አንድ ሎሌ ከባለጸጋ ጌታው ጋራ ተወራርዶ፣ ያለ ምግብ፣ ያለ ልብስና ያለ እሳት በተራራ ራስ ላይ አንድ ሌሊት ለማደር ይነሣል። አንድ ሽማግሌ ግን ከሸለቆው ማዶ በሌላው ከፍታ ላይ እሳት ያነድለታል፤ ሎሌውም ያን እሳት እያየ ብርዱን ተቋቍሞ ያነጋል። ጌታው «እሳት ካየህ ሞቀሃል» ብሎ ከለከለው፤ ዳኛውም ለጌታው ፈረደ። በኋላ አንድ አስተዋይ ሰው ግብር አብልቼ ላሳርፋችሁ ብሎ ሁሉን ይጠራል። የወጡ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ ምግቡ ግን አይቀርብም። እንግዶቹ ሲያጕረመርሙ «እሳት ማየት ካሞቀ፣ ሽታስ እንዴት አያጠግብም?» ይላቸዋል።

ይህ ተረት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ቱርኮች በነስረዲን ሆጃ ስም ይናገሩታል፤ ሕንዶችም የንጉሥ አክባር አማካሪ በነበረው በቢርባል ስም ያወሩታል። በሕንዱ ተረት ድኻው ሰው የሚያድረው በተራራ ላይ ሳይሆን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው፤ የሚያየውም የቤተ መንግሥቱን ፋና ነው። ቢርባል ድስቱን ከእሳቱ እጅግ አርቆ ይሰቅልና «ይበስላል፣ ጠብቁ» ይላል፤ ሆጃም ማሰሮውን ከሻማ በላይ ሰቅሎ እንዲሁ ያደርጋል። ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ ለማወቅ መድከም አያስፈልግም። የሚያስደንቀው፣ በኢትዮጵያ በደረሰ ጊዜ የተለወጠው ነገር ነው። በዚህ አገር ድስት ርቆ ተሰቅሎ ሳይበስል ቢቀር ያስቃል እንጂ አያሳፍርም፤ እንግዳ ጠርቶ በባዶ ሆዱ ማስቀመጥ ግን ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነው። ስለዚህ ተረቱ የዳኛውን ፊት ለማቅላት የአገሩን ነውር ተበደረ። ድኻው የተነፈገው ፍርድና ባለጸጋው የበላው እርጥባን በሦስቱም አገር በአንድ ቁና ተሰፍረዋል። ይህ ተረት ነገ በእስቴ ወይም በጋይንት ሲነገር ተራራው ጉና ቢሆን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የዚያን ራስ ብርድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሎሌውን ከማንም ይልቅ ያዝንለታል። ከዚህ ለውጥ የተነሣ የጐደለ ነገር የለም፤ የተጨመረ እንጂ።

እንዲሁም ባሏን ወይም የእንጀራ ልጇን በፍቅር ለመመለስ ከአንበሳ ጢም ጠጕር የነቀለችው ሴት በኢትዮጵያ ትታወቃለች፤ በኮርያ ደግሞ አውሬው ነብር ነው። ከዚህም የበለጠ የሩቅ መንገደኛ አለ። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው የበርላምና የይዋስፍ መጽሐፍ ሥሩ በሕንድ አገር የሚነገረው የቡድሃ ታሪክ እንደ ሆነ ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል። በቤተ መንግሥት ተዘግቶ ያደገው የንጉሥ ልጅ በሽተኛና ሽማግሌ ባየ ጊዜ ሞትን ተረድቶ ዓለምን ይንቃል። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ሃይማኖት ወደ ሌላው ሲያልፍ ልብሱን ስንት ጊዜ እንደ ለወጠ ማሰብ ነው፤ ያ የንጉሥ ልጅ በመንገድ ዳር ሽማግሌ አይቶ የደነገጠው ድንጋጤ ግን ዛሬም ያው ነው።

እንግዲህ ወደ ጅቡ እንመለስ ቢባል፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይገኝም።

በመጀመሪያ፣ የፔሮ ተኩላ አፈ ቅቤ ነው። ፔሮ ራሱ በተረቱ መጨረሻ እንደ ገለጸው፣ ተኩላው በለዘበ ቃል ወጣት ሴቶችን የሚያጠምደው ወንድ ምሳሌ ነው። የአማርኛ ተረት ጅብ ግን ሆዳምና ሞኝ ነው፤ ጦጣ ታታልለዋለች፤ አህያም ሳትቀር አንዳንድ ጊዜ ታመልጠዋለች። አስተማሪው ፍርሃቱን ለመጠበቅ ብሎ ጅብን ቢያስገባ ተንኰሉን ያጠፋል፤ ተንኰሉን ለመጠበቅ ብሎ ጦጣን ቢያስገባ ፍርሃቱን ያጠፋል። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የፈረንጅ ተኩላ መጥቶ ቁርበት የሚለምነው ጅብ እጅግ በሚታወቅበት አገር ነው፤ ለእርሱ የሚነጠፈውም ቁርበት ብዙ ዘመን የቈየ እድፍ አለበት።

ያ እድፍ ሁለተኛውና ከባዱ ነገር ነው። በጎንደርና በሌላውም አገር፣ ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸክላ የምትሠራውን ሰው ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያሉ ማማት የቈየ ክፉ ልማድ ነው። ማረሻውን የሚስለው እርሱ፣ ድስቱንና ምጣዱን የምትሰጠው እርሷ ሲሆኑ፣ ልጅ የታመመ ቀን የሚጠረጠሩት እነርሱው ነበሩ። በዚህ ሐሜት ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ከእነርሱ አብዛኞቹ በ1984 እና በ1985፣ ደግሞም በ1991 ወደ እስራኤል አገር ሄዱ፤ ሐሜቱ ግን አብሯቸው አልሄደም፤ ከቀሩት ባለ እጆች ጋራ ቀረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጅ የገበያውን አፍ ሊዘጋ ይችላል፤ የምድጃ ዳሩን አፍ ለመዝጋት ግን ጊዜ ይፈጅበታል።

ነገሩ የሚያስገርመው ከዚያው አገር ታሪክ ጋራ ሲተያይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ባለ እጆችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አሠሩ። ወደ ሰባት ሺህ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ያ ብረት በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደል እየተናደለትና መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጕልበት እየተጎተተ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል አልፎ በ1868 መጋቢት መቅደላ ደረሰ። የንጉሡ ሐሳብ ሁሉ በብረት ሠሪ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መድፉ ባለፈበት አገር ግን ብረት ሠሪው ከማዕድ እንዲለይ መደረጉ አልቀረም።

እንግዲህ ከዚያ አስተማሪ ፊት ከተቀመጡት ልጆች አንዱ የቀጥቃጭ ልጅ ቢሆንስ? በተረቱ ውስጥ ጅብ የሰው ልብስ ለብሶ፣ የሰው ድምፅ አስመስሎ፣ በአያት አልጋ ተኝቶ ሲጠብቅ ልጆቹ ሁሉ ዞረው ወደ ማን ይመለከታሉ? በፈረንሳይ ይህ ተረት ተኩላን ብቻ ይከስስ ነበር። እዚህ ሲደርስ ማንም ሳያስብበት ጎረቤትን ይከስሳል። አስተማሪው ክፉ አላሰበም፤ አንድ ቃል ብቻ ለወጠ። ዳሩ ግን ተረት አገር ሲለውጥ የአዲሱን አገር ተራራና ወንዝ ብቻ አይለብስም፤ የአዲሱን አገር ኃጢአትም ይለብሳል።

በዚህ ነገር የጋይንት ሰው ብቻውን አይደለም። በአሜሪካ አገር የአውሮፓን የቆየ ተረት ወስዶ በምዕራቡ ጠረፍ፣ በከብት ጠባቂዎችና በምድረ በዳ መካከል መናገር የተለመደ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ያማሩ ናቸው። ሱዛን ሎዌል የተባለች ጸሐፊ በ1992 የሦስቱን አሳሞች ተረት ወደ አሪዞና በረሃ አዛውራዋለች፤ አሳሞቹ የዚያ በረሃ ከርከሮ መሰል እንስሳት ሆኑ፤ ተኩላው ኮዮቴ የሚባለው የአገሩ ቀበሮ ሆነ፤ የሚያድነውም ቤት በጭቃ ጡብ የተሠራ ቤት ነው። ይህ የጭቃ ጡብ የዚያ አገር የቆየ ጥበብ ስለ ሆነ፣ ተረቱ ልብስ ሲለውጥ ለአገሩ ክብር ሰጠ እንጂ ማንንም አላዋረደም። ከላይ እንደ ተባለው የጉና ብርድ ያለ ለውጥ ነው።

ነገር ግን ጠረፍ የሚለው ቃል ራሱ ጥያቄ አለበት። ለመጣው ሰው ጠረፍ የሆነው ምድር ለነበረው ሰው የምድጃው ዳር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ቈጠራ መሥሪያ ቤት ከ1890 ቈጠራ በኋላ ከእንግዲህ የጠረፍ መስመር የለም ብሎ ባስታወቀ ጊዜ፣ ሕንድ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ያን ቃል እንዴት ሰምተውት ይሆን? ሊማን ፍራንክ ባም የሚባለው ጸሐፊ በ1900 ስለ ኦዝ ጠንቋይ የሚናገረውን የታወቀ መጽሐፍ አሳተመ። በመግቢያውም የቆዩት ተረቶች ልብን የሚሰብርና በሌሊት የሚያባንን ነገር ስላለባቸው፣ የእርሱ ተረት ደስታንና መደነቅን ብቻ ይዞ ይህን እንደሚተው ገለጸ። ያማረ አሳብ ነው። ይኸው ሰው ግን ከዚያ በፊት በደቡብ ዳኮታ ባለችው በአበርዲን ከተማ ጋዜጣ ያዘጋጅ በነበረ ጊዜ፣ በ1890 ታኅሣሥና በ1891 ጥር፣ የቀሩት ሕንዶች ፈጽመው እንዲጠፉ የሚጠይቁ ሁለት ጽሑፎች አውጥቷል። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ባለው ጊዜ በዉንድድ ኒ ወታደሮች ሴቱንና ሕፃኑን ሳይለዩ ብዙ የላኮታ ሰዎችን ገደሉ። ከተረቱ ቅዠትን ያወጣ ሰው ቅዠቱን በጋዜጣው አስቀምጦት ነበር። በ2006 ከልጅ ልጆቹ ወገን የሆኑ ሰዎች ይህን በደል አስበው ለሱ ሕዝብ ይቅርታ ጠይቀዋል።

አንድ ሌላ ነገር በአጭሩ ይጨመር። ሎራ ኢንግልስ ዋይልደር በ1935 ስለ ካንሳስ ሜዳ ባሳተመችው የልጆች መጽሐፍ፣ ያ አገር ሰው የሌለበት፣ ሕንዶች ብቻ የሚኖሩበት እንደ ሆነ የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረ። በ1953 ይህ ታርሞ «ሰው» የሚለው ቃል «ሰፋሪ» በሚል ተተካ። አንዲት ቃል ናት። የቤተ ልሔም መምህር ስለ አንዲት ድፋት የሚቈጣውን ቍጣ እንደ ከንቱ ድካም የሚቈጥር ሰው ቢኖር፣ በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት አንድ ሕዝብ ከሰው ቍጥር ለዐሥራ ስምንት ዓመት እንደ ወጣ ያስብ።

ኢትዮጵያም የራሷ የምዕራብ ጠረፍ አላት። በ1985 እና በ1986 መንግሥት በረኀብ ከተጎዳው ደጋ ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ አንሥቶ በመተከል፣ በበለስ ወንዝ አጠገብ፣ በፓዌ አሰፈረ። በ2003ም እንደ ገና ድርቅ ከሚያጠቃቸው የአማራ ወረዳዎች ገበሬዎች ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ እንዲወርዱ ተደረገ። ጋይንትና ስማዳ ድርቅና ረኀብ ስንት ጊዜ እንደ ጎበኟቸው የሚያውቅ ሰው፣ ከዚያ ምድር የተነሣች አንዲት እናት በቆላ ጎጆ ውስጥ ልጆቿን ሰብስባ ስታወራ ለማየት ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ብርድ የለም፤ ጉና የለም፤ ወባ አለ፤ የማታውቀው ቀርከሃ አለ። ተረቷን ታወርዳለች፤ ቀይ ሻሽ ያሰረችው ልጅም በቀርከሃው መካከል ታልፋለች። በዚያ ቀርከሃ ውስጥ የሚጠብቃት አውሬ ማን ነው?

በመተከል ከሰፋሪው በፊት ጉሙዝ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ከደጋ የሚወርድ ሰው ልጆቻቸውን ለባርነት ሲያግዝባቸው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የዘለቀ ብዙ ዘመን አልፏል። የጉሙዝ እናት ለልጇ ተረት ስታወራ ከገደሉ ወርዶ የሚመጣ አውሬ ብታስገባበት ማን ሊወቅሳት ይችላል? ሰፋሪዋም እናት በጨለማ የማታውቀውን ሕዝብ ፈርታ ተረቷን በዚያ ፍርሃት ብትሞላው፣ ልጇን ለመጠበቅ ነው። እያንዳንዳቸው እውነተኛ ፍርሃት አላቸው፤ እያንዳንዳቸውም ሳያውቁ ለሌላይቱ ልጅ የአውሬውን ቆዳ ይሰፋሉ። በ2020 በዚያው በመተከል ከብዙ ወገን የሆኑ ንጹሓን ሰዎች ተገድለዋል። ለዚህ ተጠያቂው የገደለው ሰው ነው፤ ተረት ጦር አይወረውርም። ነገር ግን ጦር የሚወረውር ሰው አስቀድሞ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው በሌላ ስም መጥራት ያስፈልገዋል፤ ያን ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ገና ልጅ ሳለ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያስ የሰው አገር ተረት እንዳለ ይነበብ፤ ተኩላው ተኩላ ይሁን፤ ሕፃኑም ባይገባው አይጎዳም» ይላሉ። ይህ አሳብ ጥንቃቄ ያለበት ይመስላል፤ ግን ትክክል አይደለም። ያልገባው ነገር ለሕፃኑ ተረት ሊሆን አይችልም፤ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም ልጁ ተኩላ የሚለውን ባዶ ቃል ባዶ አድርጎ አያስቀምጠውም፤ ከቤቱ የሰማውን ጅብ ራሱ ያገባበታል። አስተማሪው ዝም ቢል ለውጡ አይቀርም፤ ያለ ጠባቂ ይደረጋል እንጂ።

ሌሎች ደግሞ ለውጡ ሁሉ ተፈቅዷል ይላሉ፤ እነዚህም ቁናውን ረስተዋል። በፔሮ ተረት ልጅቱ ትበላለች፤ ተረቱም በዚያ ያልቃል፤ የሚያድናት የለም። ወንድማማቾቹ ግሪም ግን አዳኝ አምጥተው የተኩላውን ሆድ አስቀደዱ፤ ልጅቱም አያቲቱም በሕይወት ወጡ። ጀርመንና ፈረንሳይ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ዱሩም አውሬውም አንድ ነው። ልብሱ አልተለወጠም፤ ቁናው ግን ተለወጠ፤ አንደኛው ልጆች ሆይ፣ የሚያድናችሁ የለምና ተጠንቀቁ ሲል ሁለተኛው ብትሳሳቱም የሚደርስላችሁ አለ ይላል። የተራራና የወንዝ ለውጥ የሚያስቈጣው ሰው ይህን የበለጠ ለውጥ ሳያየው ያልፋል።

አስተማሪው አሁንም ከልጆቹ ፊት ቆሟል፤ የልጁም እጅ እንደ ተነሣ ነው። ጅብ ማለቱን መተው አይችልም። ነገር ግን ጅቡ ባለ አራት እግር፣ ከዋሻ የተወለደ፣ ከሰው ዘር ያልሆነ አውሬ መሆኑን አስቀድሞ ሊናገር ይችላል፤ ንግግሩንም ከጅብ ወስዶ በመንገድ ላይ ለተገኘ አንድ አፈ ቅቤ ቀበሮ ሰጥቶ፣ ጅቡን በቀበሮው ምክር የሚሄድ ሆዳም ሊያደርገው ይችላል፤ የአማርኛ ተረት እንዲህ ያለውን ማኅበር ያውቀዋል። ከዚህም በላይ በግሪም ተረት የተኩላው ሆድ የተቀደደው በመቀስ መሆኑን ያስታውስ ይሆናል። መቀስ ከሰማይ አይወርድም፤ የሠራው ሰው አለ። በጋይንት መንደር ጩኸት ሰምቶ መቀስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ከቀጥቃጩ በቀር ማን ሊሆን ይችላል?

ይህን ብልሃት የማይወድ ሰው ይኖራል፤ ተረትን ለስብከት ማጣመም ነው ብሎ ይነቅፋል። ነቀፌታው ከንቱ አይደለም፤ ልጆች ስብከት የገባበትን ተረት ከሩቅ ያሸቱታል። ስለዚህ አስተማሪው «ቀጥቃጭ ደግ ሰው ነው» ብሎ ካከለበት ነገሩን አበላሸው። ምንም ሳይል ቀጥቃጩን አስገብቶ፣ መቀሱን አስይዞ፣ ሆዱን አስቀድዶ፣ አያቲቱን በእርጎ ቅሏ አጠገብ አስቀምጦ ዝም ቢል ይሻላል። የቀጥቃጩም ልጅ ያን ቀን ምናልባት አንዲት ቃል አይናገርም። ማታ ግን በወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ያን ተረት ለአባቱ ሲመልስለት፣ መቀሱን የሞፈር ያህል አስረዝሞ እንደሚናገረው የታመነ ነው።